ሌንስቪል ቲቪ፦ ለአንድ ሸለቆ ብቻ ይታይ የነበረው ጣቢያ

የአንቴና ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ሥራዬ የቴሌቪዥን ማሰራጫ መትከልና መጠገን ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ በዚሁ ነው እንጀራዬን የምበላው። ማታ ማታ ደግሞ የተዘጉ ጣቢያዎችን ታሪክ አነባለሁ። ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደዚህ ልቤ ውስጥ የገባ ግን የለም። ስለዚህ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ሌንስቪል ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ካትስኪል የሚባሉት ተራሮች መሀል ያለች ትንሽ መንደር ናት። ጠባብ ሸለቆ ናት። በመሀል አንድ መንገድ ያልፋል፣ ግራና ቀኝ ተራራ ነው። ተራራው ለዓይን ደስ ይላል። ለቴሌቪዥን ግን ጠላት ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚወደው። ተራራ ሲገጥመው ከኋላ ያለው ሰፈር ጥላ ውስጥ ይቀራል። የዚያ ሸለቆ ሰው ሳጥኑን ቢገዛም የሚገባለት ነገር ጥቂት ነበር።

በ1971 አሥር የሚሆኑ ወጣቶች ከኒው ዮርክ ከተማ መጡና እዚያ ሰፈሩ። ሜፕል ትሪ ፋርም የሚባል ትልቅ፣ ያረጀ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ያዙ። ስማቸው ቪዲዮፍሪክስ ይባላል። የቡድኑ ጅማሬ 1969 ላይ ነው። ዴቪድ ኮርትና ፓሪ ቲስዴል ዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ቪዲዮ ካሜራ ይዘው ተገናኙ። ሁሉም ሰው መድረኩን ሲያይ እነሱ ሕዝቡን ይቀርጹ ነበር። ሜሪ ከርቲስ ራትክሊፍ ተጨመረች። ከዚያ ናንሲ ኬን፣ ስኪፕ ብሉምበርግ፣ ባርት ፍሪድማን፣ ቸክ ኬኔዲና ሌሎችም መጡ።

መጀመሪያ ትልቁ ጣቢያ ሲቢኤስ ወዷቸው ነበር። አዲስ ዓይነት ፕሮግራም እንዲሠሩ ገንዘብና መሣሪያ ሰጣቸው። ቺካጎ ሄደው ለጥቁሮች መብት ከሚታገለው ከብላክ ፓንተር ፓርቲ ፍሬድ ሃምፕተንን አነጋገሩ። ወጣቱ መሪ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1969 መጀመሪያ ላይ፣ ቤቱ በተኛበት በፖሊስ ተገደለ። የሠሩት ፕሮግራም ለሲቢኤስ ኃላፊዎች ታየ። አልተቀበሉትም። አየር ላይ ሳይውል ቀረ።

ከዚያ በኋላ የግዛቲቱ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ረዳቸው። ገንዘቡ ቪዲዮን ከትልቁ ከተማ ውጭ ላለው ሕዝብ እንዲያደርሱበት ነበር። ወደ ተራራው የወሰዳቸው ይሄ ነው። ማሰራጫውን ለመግዛት ደግሞ በዚያ ዘመን በተቃውሞ ሰልፍ ስሙ የገነነው አቢ ሆፍማን ገንዘብ ሰጥቷቸዋል። ሆፍማን የፈለገው ለአብዮት ነበር። እነሱ ግን ለጎረቤት አዋሉት። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው።

መጋቢት 19 ቀን 1972፣ እሑድ ዕለት፣ ሌንስቪል ቲቪ አየር ላይ ዋለ። ፈቃድ የለውም። ማሰራጫው አነስተኛ ጉልበት ያለው ነው። አንቴናው ቤቱ ላይ ነው፤ የሚያየው ያ ሸለቆ ብቻ ነው። ራሳቸውን "ምናልባትም የአሜሪካ ትንሹ የቴሌቪዥን ጣቢያ" እያሉ ያስተዋውቁ ነበር። በሳምንት አንዴ እየተላለፈ እስከ የካቲት 1977 ቆየ። በጠቅላላው 258 ጊዜ አስተላልፏል።

እስቲ ምን እንደሚያሳዩ አስቡት። የመንደሩን ሰው። ሥራው ላይ፣ ደጁ ላይ፣ ካሜራ ይዘው እየሄዱ ያናግሩታል። የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው የካውቦይ ድራማ ሠርተዋል። ባርት ፍሪድማን ካውቦዩን ሆኖ ነው የሚጫወተው። ናንሲ ኬን ደግሞ የመንደሩን አንዲት የቤት እመቤት በኩሽናዋ፣ በልጆቿ መሀል ቀርጻለች። ሴትዮዋ ሁሉን ጥላ መኪናዋን አስነስታ ስትሄድ የሚታይበት፣ እንደ ሕልም የተሠራ ቅንብር አለው።

ስርጭቱ በቀጥታ ነው። ስልክ አለ። ተመልካቹ ይደውላል፣ ድምፁ አየር ላይ ይወጣል። ደዋዩ ከስቱዲዮው ጥቂት ቤት አልፎ ያለ ጎረቤት ነው። "ምስሉ እንዴት ነው፣ ገባላችሁ?" ብሎ ጣቢያው ተመልካቹን የሚጠይቅበት ቴሌቪዥን ሌላ የት አለ?

የምታውቁት ካለ ጨምሩበት።

---

የፒያሳ ልጅ

ወንድሜ፣ "ገባላችሁ?" ስትል ልጅነቴን ነው ያስታወስከኝ።

በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ እዚያ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ቀድሞ የመጣ ምንጣፍ ላይ፣ ዘግይቶ የመጣ መስኮት ላይ። ምስሉ ሲበላሽ ትልቁ ልጅ ጣራ ላይ ይወጣል። አንዱ በር ላይ ይቆማል፣ አንዱ ሳጥኑ አጠገብ። ከላይ "አሁንስ?" ይላል። በር ላይ ያለው ወደ ውስጥ "አሁንስ?" ይላል። ከውስጥ "ትንሽ ወደ ግራ! አይ አይ፣ አሳለፍከው! መልሰው!" ይመጣል። ቆርቆሮው ከእግሩ ሥር ሲንኳኳ ይሰማናል። ምስሉ ጥርት ሲል ቤቱ በአንድ ድምፅ "እዛው ተወው!" ይላል።

የእኛም ቴሌቪዥን አጀማመሩ ትንሽ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት ሲጀምር ስርጭቱ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ አያልፍም ነበር። ስቱዲዮው ፒያሳ፣ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። አባቴ በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር በጣቱ ያሳየኝ ነበር።

---

አዲስ ገቢ

በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ። "አነስተኛ ጉልበት" ሲባል ስንት ነው? ትልቁስ? ደግሞ ዛሬ ማንም ሰው በስልኩ ላይቭ ይገባል። እና ያኔ ያን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው?

---

የአንቴና ልጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በዝርዝር ልመልስልህ።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙሉ ጉልበት ያለው ዲጂታል ጣቢያ ዩ ኤች ኤፍ በሚባለው የሞገድ ክልል እስከ 1,000 ኪሎ ዋት ይፈቀድለታል። አነስተኛው በዚያው ዩ ኤች ኤፍ እስከ 15 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ማሰራጫው ከሶኬት የሚበላው አይደለም። አንቴናው ጉልበቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሰብስቦ ሲረጨው የሚገኘው መጠን ነው። ስለዚህ ማሰራጫው ራሱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። እኔ የጠገንኳቸው ውስጥ ከቤት ማቀዝቀዣ የማይበልጡ አሉ።

ያኔ በ1972 ግን አነስተኛ ጉልበት የሚባል ፈቃድ ጭራሽ አልነበረም። ወይ ትልቅ ጣቢያ ትሆናለህ፣ ወይ ምንም። ተራራ ላይ ሆኖ የሌላውን ጣቢያ ምስል ተቀብሎ ወደ ሸለቆው የሚደግም መሣሪያ ይፈቀዳል። የራሱን ፕሮግራም ማሳየት ግን አይችልም። ሌንስቪል የሚፈልገውን ዓይነት ፈቃድ የሚሰጥ መስኮት የለም።

መስኮቱ የተከፈተው በ1982 ነው። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን፣ ኤፍ ሲ ሲ፣ አነስተኛ ጉልበት ላላቸው ጣቢያዎች ደንብ አወጣ። እነዚያ ደጋሚ ማሰራጫዎችም የራሳቸውን ፕሮግራም እንዲያሳዩ ተፈቀደላቸው። ያ ደንብ ሲዘጋጅ ለኮሚሽኑ በአማካሪነት ከሠሩት ሰዎች አንዱ ማን ይመስልሃል? ፓሪ ቲስዴል። ያው ያለ ፈቃድ አምስት ዓመት ያስተላለፈው ሰው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

የስልኩን ላይቭ በተመለከተ፣ እውነትህን ነው፣ ዛሬ ቀላል ነው። ልዩነቱ ግን ተመልካቹ ላይ ነው። በስልክህ ስትገባ ማን እንደሚያይህ አታውቅም። ሌንስቪል ውስጥ የሚያይህን ሰው ነገ ሱቅ በር ላይ ታገኘዋለህ። ትናንት ስለ እሱ ያልከውን ያነሳብሃል። ለዚህ ነው ተጠንቅቀው፣ አክብረው የሚቀርጹት። ቴፖቹን ስታይ ይታወቅሃል። ካሜራው ሰው ላይ አይቸኩልም።

---

ማስተር ኮንትሮል

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ልቃወም። ፈቃድ ያለው ጣቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ፍሪኩዌንሲ የጋራ ሀብት ነው። ሁሉም ሰው እንደ ልቡ ማሰራጫ ቢተክል ማንም ምንም አያይም። በአናሎግ ዘመን፣ ዲጂታል ሳይመጣ፣ ሁለት ጣቢያ አንድ ቻናል ላይ ሲጋጩ ምን እንደሚሆን አይተናል። ምስሉ ላይ ምስል ይደረባል፣ አግድም መስመር ይሮጣል፣ ድምፁ ይንሾካሾካል። የአምቡላንስ ሬዲዮ ላይ ቢገባስ? ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። ታሪኩ ያምራል፣ ግን ልጆች አንብበው "እኛም እንሞክር" እንዳይሉ እፈራለሁ።

---

የአንቴና ልጅ

@ማስተር ኮንትሮል፣ ስጋትህ የእኔም ነው። በዚሁ ሙያ ነውና ያለሁት፣ ያለ ፈቃድ ማሰራጫ እንዲተከል አልመክርም። መሣሪያው በትክክል ካልተስተካከለ ከቻናሉ ውጭ ይረጫል፤ አንተ ያልከው አደጋ እውነት ነው።

ግን የዚያን ቦታ መልክዓ ምድር አስብ። ጉልበቱ ትንሽ፣ ዙሪያው ተራራ። ሌላውን ጣቢያ እንዳያዩ የከለከላቸው ተራራ የእነሱንም ሞገድ ከሸለቆው እንዳይወጣ ያዘው። ያ አጥር ባይኖር ኖሮ አምስት ዓመት ባልቆዩ። እኔ የማደንቀው ሕግ መጣሳቸውን አይደለም። ሕጉ ውስጥ ቀዳዳ እንዳለ በሥራ ማሳየታቸውን ነው። ኋላም ያ ቀዳዳ ሲደፈን አብረው ሠርተዋል።

---

ማስተር ኮንትሮል

ይሄኛውን እቀበላለሁ። በእኛም አገር ሕግ የማኅበረሰብ ብሮድካስት ፈቃድ የሚባል ነገር አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 533 ላይ ነበር፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1238 ላይም አለ። ሬዲዮኖች ተጠቅመውበታል። አንድ ወረዳ የራሷን ቴሌቪዥን ከፍታ የገበያ ዋጋዋን፣ ሠርጓን፣ የጠፋ ከብቷን ስታሳይ ማየት ግን ሕልሜ ነው። በፈቃድ!

---

የቦሎኛው

ከጣሊያን ሰላም። እዚህ ከተማም ተመሳሳይ ነገር ነበር። በሰኔ 2002 ቦሎኛ ውስጥ ኦርፌዎ የሚባል ጎዳና ላይ ጥቂት ሰዎች ኦርፌዎ ቲቪ ብለው ጀመሩ። የሚደርሰው 200 ሜትር ያህል ነው። ጎዳናው ካበቃ ጣቢያውም ያበቃል ማለት ነው። የተጠቀሙት የትልልቅ ጣቢያዎች ሞገድ በሕንፃ ተጋርዶ የማይደርስበትን ቦታ ነው። ልክ እንደ ሌንስቪል፣ ጥላ ውስጥ ነው የበቀሉት። ያኔ የጣሊያን ቴሌቪዥን አብዛኛው በጠቅላይ ሚኒስትሩ በቤርሉስኮኒ እጅ ነው እየተባለ ሕዝቡ የሚጨቃጨቅበት ጊዜ ነበር። ኦርፌዎን አይተው በየከተማው ሌሎችም ተነሱ። "የጎዳና ቴሌቪዥን" ይሏቸው ነበር።

እኔ ስመጣ ከመንገዱ ጠፍቷል። ጎዳናውን ግን ሄጄ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቂት ደቂቃ ነው።

---

ቃኘው ሰፈር

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጽሑፍ ላይ ዘገምተኛ ነኝ። ይህን ግን ሳልጽፍ አላልፍም።

አሥመራ ነው ያደግሁት። ቃኘው ስቴሽን የሚባለውን የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ታውቁታላችሁ። ስሙ የመጣው ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ነው፣ የሻለቃው ስም ደግሞ ከራስ መኮንን ፈረስ። አሜሪካኖቹ እዚያ ግቢ ውስጥ ለወታደሮቻቸው የራሳቸው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበራቸው። ለእኛ ብለው አልነበረም። ሞገድ ግን አጥር አያውቅም፣ ወደ ከተማው ይፈስ ነበር።

ጎረቤታችን ጣራው ላይ አንቴና አቁሞ ያንን ይከፍት ነበር። እንግሊዝኛውን አንሰማም። ጥቁርና ነጭ ነው። እናቴ ከሰል ምድጃዋን ትታ በመስኮት ትመጣና ትንሽ አይታ "እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?" ትል ነበር። እኔ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ሕጉን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ተከታትያለሁ።

ቃኘው ስቴሽን የተዘጋው በሚያዝያ 1977 ነው። አንተ የጻፍከው ጣቢያ የዘጋው በየካቲት 1977 ነው አልክ። የሁለት ወር ልዩነት። አንዱን ያቆመው የፖለቲካ ጠብ፣ ሌላውን የልጆቹ በየፊናቸው መበተን። ሁለቱም በእኛ ዘመን አለፉ። ያኔ የእኛው ሲዘጋ አልቅሼ ነበር። ለአሜሪካኖቹ አይደለም፣ ለዚያ መስኮት ነው።

---

የአንቴና ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥዎት። እባክዎ ሌላም የሚያስታውሱት ካለ ይጻፉልን፣ ስለ ፊደሉ አይጨነቁ።

---

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ጋሼ ያሉት መስኮት እኔንም ነካኝ።

እኔ ብዙ ዓመት በዋሽንግተን አካባቢ በኬብል የሕዝብ ቻናል ላይ የአማርኛ ፕሮግራም አዘጋጅ ነበርኩ። የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የኬብል ኩባንያው ለሕዝብ የሚተወው ቻናል አለ፤ ሥልጠና ትወስዳለህ፣ ስቱዲዮ ትያዛለህ፣ የራስህን ታሳያለህ። በነፃ ነው ማለት ይቻላል። እኛም አራት ሆነን ጀመርን። አንዱ ታክሲ ነጂ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ተማሪ፣ እኔ የባንክ ሠራተኛ። ቅዳሜ ከሰዓት እንቀርጻለን። አዲስ የመጡ ሰዎችን ወረቀት አሞላል እናስተምራለን፣ የቀብርና የለቅሶ ማስታወቂያ እናነባለን፣ የልጆች የፊደል ክፍለ ጊዜ ነበረን። ከኋላችን መጋረጃው ላይ የሰቀልነው ጥለት የእናቴ ነጠላ ነው።

እንደ ሌንስቪሉ ሁሉ እኛም ጋ ስልክ ይደወል ነበር። አንድ ሽማግሌ በየሳምንቱ ይደውሉና "ልጄ፣ ዛሬ ድምፅሽ ቀንሷል፣ ታመሻል?" ይሉኝ ነበር። በአካል አግኝቻቸው አላውቅም።

ቴፖቹ ግን... ይሄ ነው ሕመሜ። ለማስቀመጥ አደራ የሰጠነው ቦታ ነበር። ቦታ ሲጠበው ሳይነግረን አብዛኛውን ጣለው። ስንሰማ ረፍዶ ነበር። ስሙን አላነሳም፣ አልፏል። እኔ ጋ የቀረ አንድ ካርቶን አለ። ሰባት ቪ ኤች ኤስ ካሴት። ጋራዥ ውስጥ ነበር፣ እርጥበት ነክቶታል መሰለኝ። ለመክፈት እፈራለሁ። የሌንስቪሎቹ ቴፕ እንዴት ተረፈ?

---

ቴፕ አዳኝ

እትዬ፣ እባክዎ ማጫወቻ ውስጥ አያስገቡት! መጀመሪያ ይህን ያንብቡ። እኔ የድሮ ቴፕ ወደ ዲጂታል መገልበጥ ነው ሥራዬ።

የሌንስቪሎቹ ተርፏል፣ ደስ ይበልዎት። በ2001 ቺካጎ ያለው ቪዲዮ ዳታ ባንክ ከ1,500 በላይ ኦሪጅናል ቴፖቻቸውን ተረከበ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ እየታደሱ ነው። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የተቀረጹት ግማሽ ኢንች ስፋት ባለው፣ ካሴት በሌለው፣ በጥቅል ቴፕ ነው። ሶኒ ፖርታፓክ የሚባለው በትከሻ የሚንጠለጠል መቅጃ ነበር። አንዱ ጥቅል ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚይዘው። ዛሬ የሚያጫውተው ማሽን ከገበያ ጠፍቷል። ቴፑም የራሱ ችግር አለው። መግነጢሳዊውን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዘው ማጣበቂያ ዓመታት ሲያልፉ ከአየር እርጥበት ይጠጣና ይላቁጣል። በዚያው ሁኔታ ካጫወቱት ዱቄቱ እየተፋቀ የማሽኑ ማንበቢያ ላይ ይጋገራል። ምስሉ ማለት ያ ዱቄት ነው። ስለዚህ ባለሙያ ለብዙ ሰዓት በ50 ዲግሪ አካባቢ ለብ ባለ ሙቀት ያደርቀዋል፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ይገለብጠዋል።

ቪ ኤች ኤስ ግን የተለየ ነው። እንዳያሞቁት! የእሱ ጠላት ሻጋታ ነው። ካሴቱን ብርሃን ላይ ይያዙትና በትንሿ መስኮት በኩል ጥቅሉን ይዩ። ጠርዙ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ አይንኩት፣ ፕላስቲክ ውስጥ ለብቻው ያድርጉት። ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተስፋ አለ። ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ እንደ መጽሐፍ አቁመው ያስቀምጡት። ጋራዥ አይሆንም። ከዚያ ይጻፉልኝ፣ ያለ ክፍያ እሠራልዎታለሁ።

---

የአንቴና ልጅ

እትዬ፣ የእርስዎን ሳነብ አንድ ነገር ልናገር ፈለግሁ፣ እስካሁን ለማንም አላወራሁትም።

እነዚህ ትንንሽ ጣቢያዎች በሕጉ ዘንድ ሁልጊዜ ሁለተኛ ናቸው። ትልቁ ጣቢያ ቻናሉን ከፈለገ ትንሹ ይለቃል። በ1999 ኮንግረሱ ለተወሰኑት የተሻለ ከለላ ሰጠ፤ የቀሩት እንደነበሩ ቀሩ። ከዚያ በ2017 የተጠናቀቀው ትልቁ የሞገድ ጨረታ መጣ። ከቻናል 38 እስከ 51 ያለው አብዛኛው ለስልክ ኩባንያዎች ሄደ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ቻናላቸውን ለቀው 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተካፈሉ። ከለላውን ያላገኙት ትንንሾቹ ጨረታው ላይ መግባት አይችሉም ነበር። ሌላ ቻናል ፈልጉ ተባሉ። ለመዛወሪያ የሚሆን ገንዘብ ኮንግረሱ የፈቀደላቸው በ2018 ነው። ያን ጊዜ ተስፋ የቆረጡ ነበሩ።

በመጨረሻ ደግሞ አናሎግ ራሱ ቆመ። ትልልቆቹ በሰኔ 2009 ነበር ያጠፉት። ትንንሾቹ እስከ ሐምሌ 13 ቀን 2021 ተሰጣቸው። ያን ቀን አንዱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ስሙን አልጽፍም። ኮረብታ ላይ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ባለቤቱ ሰውዬ ዲጂታል ለመግዛት አቅም አልነበረውም። ማሰራጫው ከ20 ዓመት በላይ ሠርቷል። በሩን ስከፍት የለመድኩት ሽታ አለ፣ የጋለ አቧራ። ማራገቢያው ይጮሃል። ሰውዬው ከትንሿ መቆጣጠሪያ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል። የመጨረሻው ፕሮግራም የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነበሩ። ስድስት ወይም ሰባት ሰው። እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው "በል" አለኝ። ጉልበቱን ቀስ እያልኩ አወረድኩት። በአንዴ ማጥፋት ይቻላል፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ። መርፌው ሲወርድ በቴሌቪዥኑ ላይ የሰዎቹ ፊት እየደበዘዘ፣ ነጠብጣቡ እየበዛ መጣ። ድምፃቸው ከምስሉ ቆየ። ከዚያ እሱም ሄደ። ማራገቢያው ግን ለማቀዝቀዝ ጥቂት ደቂቃ ይዞራል። ሁለታችንም እስኪቆም ጠበቅን።

ሰውዬው ተነሳና ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ስልክ ደወለ። "አየኸን?" አለ። ከወዲያ የተመለሰለትን አልሰማሁም።

ሌንስቪልን ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት።

---

አዲስ ገቢ

ጥያቄዬን በጠየቅሁበት መንገድ አዝኛለሁ። ስልክ ይሻላል ያልኩት ስላልገባኝ ነው። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የቪዲዮፍሪክስ ሰዎች ኋላ ምን ሆኑ?

---

የአንቴና ልጅ

የሚጸጽት ነገር አልጻፍክም፣ ጥሩ ጥያቄ ነበር።

ሰዎቹ ቤቱን ለቀው ተበተኑ፤ ቪዲዮን ግን ብዙዎቹ አልተዉም። ስኪፕ ብሉምበርግ ለሕዝብ ቴሌቪዥን ብዙ ሥራ ሠርቷል። ናንሲ ኬንም ካሜራዋን ይዛ ቀጠለች። ፓሪ ቲስዴል የአካባቢ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ከቴሌቪዥን ወጥቶም ያው ስለ ጎረቤቱ ነው የጻፈው። በ1973 ደግሞ እዚያው ተራራው ላይ ሳሉ የቪዲዮ መሣሪያ አጠቃቀምና አጠጋገን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትመዋል። ለማንም ሰው በሚገባ ቋንቋ፣ በሥዕል። በቡድኑ ውስጥ ጥገናው ላይ የተዋጣለት ቸክ ኬኔዲ ነበር። እንደ ጠጋኝ ይህን ሰው በዓይነ ሕሊናዬ አየዋለሁ። ካሜራ ፊት የሚቀመጡት ይታወሳሉ። ከኋላ ብየዳ ይዞ የተቀመጠ ሰው ባይኖር ግን 258ቱ ስርጭት አንዱም አይወጣም።

---

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ካርቶኑን ለቴፕ አዳኝ ልኬ ነበር።

ከሰባቱ ሦስቱ ሻጋታ ናቸው፣ ገና እየተጸዱ ነው። ሁለቱ ባዶ ወጡ፣ ከላያቸው ሌላ ነገር ተቀድቶባቸዋል። አንዱ የልጆች የፊደል ክፍለ ጊዜ ነው። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፣ "ሀ ሁ ሂ" ስትል ካሜራው ላይ ሳይሆን እኔን ነው የምታየው።

ሰባተኛው ደግሞ የአዲስ ዓመት ዝግጅታችን ነው። ምስሉ ከታች ይንቀጠቀጣል። የእናቴ ነጠላ ከኋላ አለ። እኔ ማስታወቂያ እያነበብኩ ስልኩ ይጮሃል። አነሳዋለሁ። የእኚያ ሽማግሌ ድምፅ ነው።

"እንኳን አደረሰሽ ልጄ" ይላሉ። "ዛሬ በጣም ጥርት ብለሽ ነው የገባሽው።"

---

ቃኘው ሰፈር

እንኳን አገኘሻቸው፣ ልጄ።